በረዶ በሚጥልበት ከተማ ዊንተርን ሳይረጥቡ ማሳለፍ፦ ከካልሲ እስከ ካሜራ

በረዶ በሚጥልበት ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ስለ ብርድ ያወራል። ብርዱ ግን ያን ያህል አያስቸግርም፣ ለብሶ መውጣት ነው። የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ላብ ሆኖ ጀርባ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ቀልጦ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ማታ መንገዱ ላይ ረግቶ ሰው ይጥላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ መስኮት ላይ ተንጠባጥቦ ሻጋታ ያበቅላል። የስልካችሁን ካሜራ እንኳን አይምርም። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ስለሆነ የረጠበ ሰው ቶሎ ይበርደዋል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ደረቅ ሆኖ ስለመቆየት ነው። መጀመሪያ የዕለት ተዕለቱን እንጨርስና ወደ ጨዋታው እንሄዳለን። ጨዋታው በረዶን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ከቤት የሚያስወጣ አንድ ነገር ካልተገኘ ዊንተር በጣም ይረዝማል።

1. አለባበስ፦ ከውስጥ ጀምሩ

ሦስት ድርብ በቂ ነው። ቆዳ የሚነካው የመጀመሪያው ከሱፍ ወይም ከፖሊስተር የተሠራ፣ ልክክ የሚል ቴርማል ይሁን። ጥጥ አይሁን። የጥጥ ካናቴራ ላብ ይጠጣና ይዞ ይቀመጣል፤ አውቶቡስ እንዳያመልጣችሁ ትንሽ ሮጣችሁ ፌርማታው ላይ ስትቆሙ ጀርባችሁን የሚያንዘፈዝፋችሁ እሱ ነው። ሱፍ ግን የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞም እርጥብነቱ ብዙም አይሰማም። ሱፍ ያሳክከኛል የምትሉ ሜሪኖ የሚባለውን ሞክሩ፣ ክሩ ቀጭን ስለሆነ አይኮሰኩስም።

ሁለተኛው ሙቀት የሚይዘው ነው፤ ፍሊስ፣ የሱፍ ሹራብ ወይም ስስ የላባ ጃኬት። የሚያሞቀው በጨርቁ ውስጥ የታሰረው አየር ስለሆነ ከላይ ጠባብ ጃኬት ጎትታችሁ ካጨቃችሁት ምንም አልሠራችሁም። ሦስተኛው ነፋስና እርጥበት የሚከለክለው የውጪ ጃኬት ነው። ቂጥ የሚሸፍን ቢሆን፣ ኮፍያ ቢኖረው፣ ዚፑም በጓንት የሚያዝ ቢሆን ጥሩ ነው። እርጥብ በረዶ በሚጥልበት ቀን የላባ ጃኬት ብቻውን አይወጣበትም። ላባ ሲረጥብ ይተኛል፣ ከተኛ ደግሞ አያሞቅም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ከቤት ስትወጡ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። በሩን ስትዘጉ ድሎት ከተሰማችሁ የመንገዱ ጥግ ሳትደርሱ ያልባችኋል ማለት ነው። ላብ መምጣቱን ስታውቁ ሳይመጣ ዚፑን ዝቅ አድርጉ፣ ኮፍያውን አውልቁ፣ ከቆማችሁ በኋላ መልሳችሁ ልበሱ። ባቡር ወይም ሱቅ ስትገቡም ጃኬቱን ክፈቱት። እዚያ ውስጥ ተጀቡኖ ለአሥር ደቂቃ ማላብ ውጪ ስትወጡ ያስከፍላል።

2. እግር

ጫማ ስትገዙ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ጣቶቻችሁ ውስጥ መንቀሳቀስ አለባቸው። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጠባብ ቡትስ ውስጥ መወተፍ የደም ዝውውርን ስለሚያፍን እግርን ይብስ ያቀዘቅዘዋል። ሶሉ ለስላሳ ጎማና ጥልቅ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ደረቅ ሶል በብርድ ጊዜ ይብስ ይጠነክርና ይንሸራተታል።

ማታ ቤት ስትገቡ የውስጥ ሶሉን አውጡ። ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ጫማው ውስጥ ክተቱ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያ ወረቀት እርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ በደረቅ ቀይሩት። ማሞቂያ ላይ አትስቀሉት። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ የሶሉ ማስቲሽም ይለቃል። ጫማው ላይ ነጭ መስመር ሠርቶ የሚቀረው የመንገድ ጨው ነው፤ ነጭ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ በጨርቅ ብትጠርጉት ይለቃል። ዛሬ ነገ እያላችሁ ከተዋችሁት ግን ቆዳውን ይበላዋል። ቦርሳችሁ ውስጥ አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ ሁልጊዜ ይኑር።

3. እጅ፣ ጆሮ እና ነፋስ

ጣቶችን በአንድ ላይ የሚይዘው ጓንት ባለ ጣቱን ያስንቃል፣ ጣቶች እርስ በርስ ይሞቃቃሉና። ስልክ የሚያስነካ ስስ ጓንት ከውስጥ፣ ወፍራሙ ከላይ ቢሆን ደግሞ ፎቶ ለማንሳትም ይመቻል።

የአየር ሁኔታ ስታዩ ዲግሪውን ብቻ አትዩ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ፊታችሁ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ነው። እንዲህ ባለ ቀን አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ጉንጭና ጣት መሸፈን አለባቸው። ቆዳው ከነጣ፣ ከገረጣና መቆጥቆጡ ቀርቶ ከደነዘዘ ብርዱ እየጎዳችሁ ነው፤ ደህና ሆነ ብላችሁ አትታለሉ። ወዲያው ወደ ሞቀ ቤት ግቡ። አትሹት፣ በረዶም አታድርጉበት፣ ይሄ የድሮ ሰው ምክር ቆዳውን ይብስ ይጎዳል። ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ምድጃ ወይም ሂተር ላይ አታስጠጉት፣ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይታወቀውም። ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ቤት።

4. አረማመድ

መንገዱ የከፋ የሚሆነው በጣም ሲበርድ አይደለም። ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው። ቀን ትንሽ ይቀልጣል፣ ማታ ይረጋል፣ ጠዋት ከላዩ ስስ ውሃ ያዝላል። አስፋልት ላይ ሲረጋ ጭራሽ አይታይም፣ እርጥብ መንገድ ይመስላል። ከዜሮ በታች ሆኖ አስፋልቱ እርጥብ ከመሰለ እርጥብ ነው ብላችሁ አትመኑት።

እንደ ዳክዬ ሂዱ። እግር ትንሽ ከፈት፣ እርምጃ አጠር፣ ሙሉ ውስጥ እግር በአንዴ ማሳረፍ፣ ክብደትን ፊት ላይ ባለው እግር ላይ ማድረግ። ያስቃል፣ ግን ከነዋሪው ጋር ስትሄዱ ሁሉም እንደዚያው ሲራመድ ታያላችሁ። እጅ ከኪስ ይውጣ። የብረት ክዳን፣ የእግረኛ ማቋረጫ ነጭ ቀለም እና የሕንፃ መግቢያ ላይ ያለ ለስላሳ ሴራሚክ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ከተንሸራተታችሁ መዳፋችሁን አትዘርጉ፣ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንደዚያ ነው። አገጫችሁን ወደ ደረት ሰብስባችሁ በጎን በኩል፣ ሥጋ ባለበት ለመውደቅ ሞክሩ። ለማለት ይቀላል፣ አውቃለሁ።

ፀሐይ በወጣች ቀን ደግሞ ወደ ላይም እዩ። ከጣሪያ ጫፍ የተንጠለጠለው በረዶ የሚወርደው ሞቅ ሲል ነው። ግድግዳ ታክካችሁ አትሂዱ።

የረጋ ሐይቅ ወይም ወንዝ ላይ መሄድን በተመለከተ፣ ለአንድ እግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ጠንካራ በረዶ ያስፈልጋል። ነጣ ያለው፣ ከላዩ በረዶ የተከመረበት ወይም ከስሩ ውሃ የሚፈስበት ከዚያም ደካማ ነው። ውፍረቱን ለክቶ እርግጠኛውን የሚነግራችሁ ከሌለ ከነገሩ ጾም እደሩ።

5. ደጅ መጥረግ

አዲስ የጣለ ደረቅ በረዶ በኪዩቢክ ሜትር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲረጥብና ሲተኛ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እስኪያቆም አትጠብቁ፣ እየጣለ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረግ ጠረግ አድርጉት። በአካፋ ከማንሳት መግፋት ይሻላል። ማንሳት ግድ ከሆነ ጉልበት ታጥፎ፣ ግማሽ አካፋ ብቻ፣ ወገብን ሳይጠማዝዙ። በብርድ ላይ ከባድ ሥራ ልብን ያስጨንቃል፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው፣ ደረቱን የጨመደደው ሰው ደግሞ አካፋውን ጥሎ እርዳታ ይጥራ።

ጨው የሚበተነው ከጠረጋችሁ በኋላ ነው፣ በስሱ። ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሥራው በጣም ይደክማል። ከዚያ በታች አሸዋ በትኑ፣ አያቀልጥም ግን እግር ያስይዛል። መኪና ያላችሁ፣ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዱ። ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ሽታ የሌለው መርዝም አብሮ ይገባል።

6. ቤት

ቤት ውስጥ የምንተነፍሰው፣ የምናበስለው፣ የምንታጠበው ሁሉ እንፋሎት ይሆንና ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ያርፋል። መስኮቱ ያልበዋል። ጠዋት መስኮቱ ስር ውሃ ካቆረ፣ ጥግ ላይ ያለው ቀለም በሳምንታት ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ማውጣቱ አይቀርም። መፍትሔው ሰው የሚፈራው ነው፤ መስኮት መክፈት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ወለል አድርጎ፣ ከተቻለ ፊት ለፊት ያለውንም ጭምር። አየሩ ይቀየራል፣ ግድግዳውና ዕቃው ግን ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኙም። ቀኑን ሙሉ በትንሹ ገርበብ አድርጎ መተው ግን ማሞቂያውን በከንቱ ከማድከም ውጪ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ቢኖራችሁ ከ30 እስከ 50 ፐርሰንት መሆኑን ተመልከቱ። ከ30 በታች ሲወርድ አፍንጫ ይደርቃል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ የበር እጀታ ስትነኩ ኤሌክትሪክ ይቆነጥጣችኋል። ሶፋና ቁም ሳጥን ከውጪው ግድግዳ ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ አየር ካላገኘ ሻጋታው ከጀርባ ነው የሚጀምረው። አደራ፣ ለሙቀት ብላችሁ ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ።

የማታው ረጅም ሰዓት ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። ኪሮሽ የምትችሉ ሰዎች ታድላችኋል፤ የማትችሉ በወፍራም ክር የአንገት ልብስ ጀምሩ፣ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ልኬት አያስቸግርም። ቀን ቀን ግን ብርሃን ሳለ ውጡ። ፀሐይዋ አጭር ናት፣ ቢሮ ገብቶ ሲወጣ የጨለመበት ሰው የምሳ ሰዓቱን ውጪ ቢያሳልፈው ቀኑ ይለወጥለታል።

7. አሁን ወደ ጨዋታው፦ በረዶን በስልክ ማንሳት

በረዶን ፎቶ ያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ችግር ነጩ ግራጫ ሆኖ መውጣቱ ነው። ስልኩ አልተበላሸም። ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት ብዙ ነጭ ሲያይ “በዛ” ብሎ ያጨልመዋል። ስክሪኑን በረዶው ላይ ነካ አድርጉ፣ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ጎትቱ። ቁጥር የሚያሳይ ካሜራ ከሆነ ከ+1 እስከ +2 ነው። በረዶው ነጭ እስኪሆን ጨምሩ፣ ግን ላዩ ላይ ያለው ቅንጣትና የጫማ ዳና መታየቱን ሲያቆም አልፋችኋል፣ መለስ በሉ።

ጥላ ውስጥ ያለ በረዶ ሰማያዊ ይመስላል፣ የሰማዩን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ያንን ለማረም አትቸኩሉ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ በረዶው ሰማያዊ ሆኖ የመንገድ መብራቱ ቢጫ ሲሆን፣ ለእኔ ከቀኑ ሁሉ ምርጧ ናት። በምሳ ሰዓት ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና የምታነሱት በረዶ ዝርግ ወረቀት ነው የሚሆነው፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ይኖረዋል።

እየጣለ ሳለ ለማንሳት ከጀርባ ጥቁር ነገር ፈልጉ፣ ዛፍ ወይም የጠቆረ ግድግዳ። በነጭ ሰማይ ላይ የሚወርድ በረዶ አይታይም። የማንሻውን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) መቀየር የሚያስችል ካሜራ ካላችሁ 1/250 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቅንጣቶቹን አየር ላይ ያቆማቸዋል፣ 1/30 ደግሞ ረጃጅም መስመር ያደርጋቸዋል። ፍላሽ ከበራ ቅርብ ያሉት ትልልቅ ነጭ ኳስ ሆነው ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ይወደዋል፣ እኔ አጠፋዋለሁ። እና ከምንም በፊት፣ አዲስ በረዶ ላይ ከመርገጣችሁ በፊት ከየት እንደምታነሱ ወስኑ። አንዴ የተረገጠ በረዶ አይመለስም።

ባትሪው በብርድ ቶሎ ይደክማል። የአይፎን አምራች ራሱ ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙበት ነው የሚለው። ስለዚህ በማታነሱበት ጊዜ በውስጥ ኪስ፣ ሰውነት አጠገብ ይሁን። ድንገት ከጠፋ አትደንግጡ፣ ሲሞቅ ብዙውን ጊዜ የቀረው ቻርጅ ይመለሳል። በቀዘቀዘበት ግን ቻርጅ አታድርጉት፣ ከዜሮ በታች መሙላት የሊቲየም ባትሪን ውስጡን ይጎዳል።

8. አንዷን ቅንጣት በቅርብ

ይሄኛው ሱስ ያስይዛል። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ስልኩ ላይ የሚለጠፍ ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገርን ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ)፣ ጥቁር የሱፍ ጨርቅና ትንሽ የቀለም ብሩሽ ነው። ጨርቁንና ብሩሹን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጪ አስቀምጡ፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ ላይ ያረፈች ቅንጣት ሳታዩአት ጠብታ ትሆናለች።

ቀኑን የሚመርጥላችሁ ቴርሞሜትሩ ነው። ደመናው ውስጥ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ትንንሽ ጠፍጣፋ ቅርጾች ይበዛሉ፣ 5 አካባቢ መርፌ የመሰሉ ቀጫጭን፣ 15 አካባቢ ደግሞ ቅርንጫፍ ያላቸው ባለ ስድስት ክንድ ኮከቦች። ስድስት የሆነው የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ በባለ ስድስት ጎን ስለሚደራጁ ነው። የምታዩት ቴርሞሜትር መሬት ላይ ነው፣ ደመናው ከዚያ ይበርዳል፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ፍንጭ ብቻ ውሰዱት። ዜሮ አካባቢ የሚወርዱት ትልልቆቹ ብዙ ቅንጣት ተጣብቀው ነው፣ ለዚህ አይሆኑም። ነፋስ በሌለበት፣ ቀስ እያለ ሲጥል ውጡ።

ጨርቁን ዘርግታችሁ ጥቂት ቅንጣት እስኪያርፍ ጠብቁ። አንዷን መርጣችሁ አጠገቧ ያሉትን በብሩሹ ጫፍ ገለል አድርጉ። ትንፋሻችሁን ወደ ጎን ልቀቁ ወይም ያዙ፣ አንድ ጊዜ ኡፍ ካላችሁባት አለቀች። ስልኩን የያዘው እጅ ክርኑ ጠንካራ ነገር ላይ ይደገፍ። ፎከስ በጣት ከማስተካከል ይልቅ ስልኩን በሚሊ ሜትር ወደፊት ወደኋላ እያደረጋችሁ በተከታታይ ብዙ አንሱ። ከሃያው አንዱ ጥርት ይላል፣ እሱ ይበቃል። ክንዶቿ ላይ በጠርዝ በጠርዙ የወጡ ደቃቅ ጥርሶች እስኪታዩ ካልቀረባችሁ ቅረቡ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ክንድ ከሌላው ያጥራል ወይም ተሰብሯል፣ ፍጹም እኩል የሆነች ማግኘት ብርቅ ነው።

ይህን ያለ ስልክ የሠራ ሰው ነበር። ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል በአሜሪካ ቨርሞንት የሚኖር ገበሬ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገጣጥሞ እ.ኤ.አ. በጥር 1885 የመጀመሪያውን የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ፣ በ1931 እስኪሞት ድረስም ከ5000 በላይ አነሳ። ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኡኪቺሮ ናካያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 በሰሜን ጃፓን ሆካይዶ ቅንጣቷን ራሷን ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጥንቸል ፀጉር ጫፍ ላይ ሠራት። ሙቀትና እርጥበት ቅርጿን እንዴት እንደሚወስኑ ያወቅነው በአብዛኛው ከእሱ ሥራ ነው።

9. ስትመለሱ

ቤት ከመግባታችሁ በፊት፣ ገና በሩ ላይ ሳላችሁ፣ ስልኩን ወይም ካሜራውን ከነሌንሱ ደረቅ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡና ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩ። ከገባችሁ በኋላ የቤቱ እርጥበት የሚያርፈው ፌስታሉ ላይ ይሆናል፣ ዕቃው ላይ አይሆንም። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሳትከፍቱ ተዉት፣ ትልቅ ካሜራ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሌንሱ ከውጪ ከደፈነ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከውስጥ ከደፈነ ግን በማሞቂያ ለማድረቅ አትሞክሩ፣ ቀስ ብሎ በራሱ እስኪለቅ ጠብቁት። ፎቶውን ለሰው ለመላክ ከቸኮላችሁ ደግሞ ውጪ እያላችሁ ላኩት፣ ካሜራ ከሆነም ሚሞሪ ካርዱን ከመቋጠራችሁ በፊት አውጡት።